የንዳድ ልክ

ታቦተ ሕጉ በፍልስጥኤማውያን እጅ በወደቀ ጊዜ መጀመሪያ ያረፈው አዛጦን ነበር። በመጽሐፈ ሳሙኤል ቀዳማዊ እንደምናነበው የአዛጦን ሰዎች በእባጭ ተመቱ፤ ተማክረውም ታቦቱን ወደ ጌት ሰደዱት። ጌትም አልቀረላትም፤ ከታናሽ እስከ ታላቅ እባጭ ወጣባቸው። ተራው የአቃሮን ሆነ። ጨንቋቸው ታቦቱን ሲመልሱ አምስት የወርቅ እባጭና አምስት የወርቅ አይጥ አብረው ላኩ። አይጥና እባጭ አንድ ላይ መነሣታቸው፣ መቅሠፍቱ ከአይጥ በቁንጫ ወደ ሰው የሚዛመተው የባክቴሪያ ቸነፈር ይሆን እንዴ እያሰኘ ሐኪሞችን ሲያነጋግር ኖሯል። ያ ከሆነ የጌት ሰዎች ከእባጩ ጋር በብርቱ ንዳድ ተቃጥለዋል ማለት ነው።

ካርሜ ጋት የምንለው አዲስ ሰፈር የተሠራባት የእስራኤሏ ከተማ ቂርያት ጋት ስሟን ያገኘችው ከዚችው ከጎልያድ አገር፣ ከጌት ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1955 ስትቆረቆር (ከዚህ በታች ያሉትም ዓመታት፣ ዓ.ም. ካልተባሉ በቀር፣ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) አጠገቧ ያለው የዔራኒ ጉብታ ጥንታዊቷ ጌት ነው ተብሎ ይታመን ነበር። ኋላ አርኪዮሎጂስቶች ጌትን ከዚያ በስተ ሰሜን ምሥራቅ፣ ቴል ሳፊ ላይ አገኟት። ስሙ ግን እንደ ወጣ ቀረ። ከጎንደርና ከትግራይ ተነሥተን እዚህ ለደረስነው ቤተ እስራኤላውያን የትኩሳት ታሪክ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም፤ ከመንገዱ ግማሹ በእኛው አገር በኩል ያልፋል።

የጥንት ግሪክ ሐኪሞች ትኩሳትን እንደ ጠላት ብቻ አላዩትም። በገላ ውስጥ የተበላሸውን ፈሳሽ እንደ እሳት አብስሎ የሚያወጣ ኃይል ነው ብለው ያምኑ ነበር። እናቶቻችንም ግሪኮችን ሳያነቡ ወደዚያው ደርሰዋል። ምች የመታውን ልጅ ዳማ ከሴ አሽተው፣ ጭማቂውን አጠጥተው፣ በጋቢ ጠቅልለው ያስተኙታል። ሌሊት ላብ አጥምቆት ሲነቃ «ላቡ ወጣ፣ ዳነ» ይባላል። ላብ የትኩሳቱ መውረጃ ምልክት ነውና አባባሉ ከእውነቱ ብዙ አይርቅም። ትኩሳቱ ራሱ ያድናል ወይስ ይገድላል የሚለውን ለመመለስ ግን መጀመሪያ መለካት ያስፈልግ ነበር።

መለኪያው የመጣው ከጀርመን አገር ነው። ካርል ቩንደርሊኽ የሚባል የላይፕሲግ ሐኪም ከ25,000 በላይ በሽተኞችን በብብታቸው ቴርሞሜትር እያስያዘ ሲለካ ኖሮ በ1868 መጽሐፉን አሳተመ። የጤነኛ ሰው ሙቀት 37 ዲግሪ ነው የሚለው ልማድ ከእሱ የወረስነው ነው። በዚያው በ1868 በርሊን ውስጥ ኦቶ ኦበርማየር የሚባል ወጣት ሐኪም፣ እየተመላለሰ በሚያገረሽ ትኩሳት የተያዙ ሰዎችን ደም በማይክሮስኮፕ ሲያይ እንደ ጥምዝ ክር ያለ ነገር ሲጋልብ ተመለከተ። በ1873 አሳወቀው፤ በዚያው ዓመት ራሱ በኮሌራ ሞተ። ያ ጥምዝ ክር ዛሬ ቦሬሊያ ሪከረንቲስ የሚባለው ባክቴሪያ ነው። ይህን ስም አንባቢ እንዲይዝልኝ እለምናለሁ፤ አዲስ አበባ ላይ እንደገና እናገኘዋለን።

በ1878 ፈረንሳዊው ተመራማሪ ፓስተር ዶሮ ይዞ የፈረንሳይ ሐኪሞች ማኅበር ፊት ቀረበ። የዶሮ ገላ ከእኛ በጣም ይሞቃል፤ 41 እና 42 ዲግሪ ለእሷ የዘወትር ሙቀቷ ነው። ዶሮ ደግሞ በአባ ሰንጋ አትያዝም። ፓስተር ሁለቱን ነገር አገናኝቶ አሰበ። በአባ ሰንጋ ባክቴሪያ የተወጋችውን ዶሮ እግሯን ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ አቆማት፤ ገላዋ ቀዘቀዘ፣ በበሽታውም ሞተች። ሌላዋን ከበሽታው ጅማሬ በኋላ ከውኃው አውጥቶ ጠቅልሎ አሞቃት፤ ዳነች። ሙቀት ከሕይወትና ከሞት ጋር መያያዙ በዶሮዎች ላይ ታየ።

ዓለም ግን ወደ ሌላ መንገድ አዘነበለ። በ1899 አስፕሪን ገበያ ላይ ዋለ፤ ትኩሳትን በአንድ ክኒን ማውረድ ተቻለ፤ የሚወርድ ነገር ሁሉ መውረድ ያለበት መሰለ። በተቃራኒው የቆመ አንድ ሰው ቢኖር የቪየናው ዩሊዩስ ቫግነር ያውሬግ ነበር። ቂጥኝ አእምሯቸውን ያናወጣቸውን በሽተኞች በ1917 ሆን ብሎ በወባ ደም ወጋቸው። ወባው ደጋግሞ አነደዳቸው፤ ከመካከላቸው የተሻላቸው ነበሩ፣ ኋላም ወባውን በኪኒን አቆመላቸው። በ1927 የኖቤል ሽልማት ተሰጠው። በዚህ ሕክምና የሞቱም አሉ። ፔኒሲሊን ሲመጣ ነገሩ ሁሉ ቀረ።

አሁን ወደ አዲስ አበባ። በ1960ዎቹ መጨረሻ፣ ክረምት ነው። ሥራ ፍለጋ ከገጠር የመጣው ጎረምሳ፣ ቤት የሌለው የቀን ሠራተኛ፣ ለማኙ፣ ከዝናቡ ሸሽተው ጠባብ ክፍል ውስጥ ተጠጋግተው፣ ያላቸውን ልብስ ሁሉ ደራርበው ያድራሉ። የልብስ ቅማል መኖሪያዋ የሰው ቆዳ አይደለም፤ የሸሚዝና የሱሪ ስፌት ውስጥ ነው። ለመመገብ ብቻ ወደ ቆዳ ትወጣለች። ሰውየው ሲበላው ያካል፣ በጥፍሩ ይደፈጥጣታል፤ የኦበርማየር ባክቴሪያ በቅማሏ ደም ውስጥ ነውና ስትፈርጥ በተቧጨረው ቆዳ በኩል ይገባል። ከሳምንት በኋላ ግድም ንዳዱ ይነሣል፤ ራስ ምታት፣ የመገጣጠሚያ ቁርጥማት፣ የዓይን ቢጫነት ይከተላል። አምስት ቀን ገደማ ሲነድ ቆይቶ አንድ ቀን በከባድ መንቀጥቀጥና በላብ ይወርዳል። ሰውየው ዳንሁ ብሎ ወደ ሥራው ይመለሳል። ባክቴሪያው ግን ላዩን ለውጦ ተደብቋልና ከሳምንት በኋላ መልሶ ያገረሻል። «የሚያገረሽ ትኩሳት» የተባለው ለዚህ ነው።

አንድ ነገር ሁልጊዜ ያስገርመኛል። ቅማል ለብ ያለ ገላ ትወዳለች፤ የሚነድ ገላ ግን አትችልም። ንዳዱ 40ን ሲያልፍ ከስፌቷ ወጥታ አጠገቡ ወደተኛው ሰው ትሄዳለች። ስለዚህ ትኩሳት አንዱን ገላ ሲከላከል በሽታውን ለጎረቤት ያሻግራል። አንድ ክፍል ውስጥ ሃያ ሰው በሚያድርበት ቤት፣ የአንዱ መንደድ የሌላው መያዝ ነበር።

እነዚህን በሽተኞች አዲስ አበባ ውስጥ ካከሟቸውና ካጠኗቸው መካከል ኤልድሪድ ፓሪ፣ አንቶኒ ብራይስሰን፣ ፒተር ፐሪንና ዴቪድ ዋረል ይገኛሉ። የ62 ኢትዮጵያውያንን ሕመም በዝርዝር የመዘገበው ጥናታቸው በ1970 ታተመ። እነሱን ያስጨነቃቸው በሽታው ብቻ አልነበረም፤ መድኃኒቱም ነበር። ፔኒሲሊን ወይም ቴትራሳይክሊን የተሰጠው በሽተኛ አንድ ሁለት ሰዓት ያህል ደህና ይመስላል። ከዚያ ድንገት ብርድ ብርድ ይለዋል። ብርድ ልብሱን እስከ ጆሮው ይስባል፤ ጥርሱ ይንገጫገጫል፤ የብረት አልጋው አብሮት ይንቀጠቀጣል። ቴርሞሜትሩ 41ን ያልፋል፣ አንዳንዴ 42 ይጠጋል። ሳንባው በኃይል ይተነፍሳል፣ ልቡ ከወትሮው እጅግ በርትቶ ይመታል። ብርዱ ሲለቀው ደግሞ ገላው ይፈካል፣ ላብ ያጠምቀዋል፣ የደም ግፊቱም ያሽቆለቁላል። በዚያች ሰዓት «ሽንት ቤት ደርሼ ልምጣ» ብሎ ከአልጋው የተነሣ ሰው ወድቆ ሊቀር ይችላል። ስለዚህ ነርሶቹ በሽተኛውን ከአልጋ እንዳይወርድ ይጠብቁት ነበር።

ያሪሽ ሄርክስሃይመር የሚባለው ይህ ምላሽ የሚነሣው ባክቴሪያዎቹ በአንድ ጊዜ ሲረግፉ ነው። ያልታከመ በሽተኛ በወረርሽኝ ጊዜ ከመቶ እስከ 40 የሚደርስ የሞት ዕድል ነበረበት፤ ከታከመ ከመቶ ሁለት እስከ አምስት ይወርዳል። መድኃኒቱ መሰጠት አለበት ማለት ነው፤ ማዕበሉም መታለፍ አለበት። ፓራሲታሞልና ኮርቲዞን ሙቀቱን ትንሽ ቢያለዝቡም ማዕበሉን አላስቀሩም። ሐኪሞቹ የተማሩት ከባድ ትምህርት ነበር፦ ሰውየውን ወደ ሞት አፋፍ የሚገፋው ባክቴሪያው ብቻ ሳይሆን ገላው ለባክቴሪያው የሚሰጠው መልስ ጭምር ነው።

ገላ ይህን እሳት እንዴት እንደሚያነድ የገባን ቀስ በቀስ ነው። የመከላከያ ሕዋሳት ባክቴሪያ ሲያገኙ መልእክት ይልካሉ፤ አንጎል ውስጥ ሃይፖታላመስ የሚባለው ክፍል ፕሮስታግላንዲን በሚባል ንጥረ ነገር አማካይነት የሙቀቱን ልክ ከፍ ያደርገዋል። በሽተኛው 38 ሆኖ ሳለ ብርድ የሚለው ለዚህ ነው፤ አንጎሉ 40ን ስላዘዘ 38 ቅዝቃዜ ይሆንበታል። አስፕሪን ፕሮስታግላንዲን እንዳይሠራ በማገድ እንደሚያበርድ ተመራማሪው ጆን ቬን በ1971 አሳየ። ሙቀቱ በአንድ ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ገላ የሚያቃጥለው ጉልበት ከመቶ አሥር ያህል ይጨምራል። ተፈጥሮ ይህን ያህል ወጪ በከንቱ ታወጣለች ወይ የሚለው ጥያቄ ነበር አሜሪካዊውን ማቲው ክሉገርን ያነሣሣው።

ክሉገር በ1975 ከባልደረቦቹ ጋር የበረሃ እንሽላሊቶችን በባክቴሪያ ወጋ። እንሽላሊት የራሷ ሙቀት የላትም፤ የምትሞቀው ከአካባቢዋ ነው። ሙቅ ቦታ የተቀመጡት አብዛኞቹ ተረፉ፤ ቀዝቃዛ ቦታ የተቀመጡት አብዛኞቹ ሞቱ። እንሽላሊት ግን አጥቢ እንስሳ አይደለችም። ስለዚህ በ1978 ከሊንዳ ቮን ጋር ጥንቸሎችን ፓስቱሬላ በሚባል ባክቴሪያ ወግተው የእያንዳንዷን ትኩሳት ለኩ። ውጤቱ ከዚህ ሁሉ ታሪክ ለእኔ ዋናው ነው። ትኩሳታቸው ከወትሮው እስከ 2.25 ዲግሪ ድረስ ከፍ ያለ ጥንቸሎች ከሌሎቹ በተሻለ ተረፉ። ከዚያ በላይ የነደዱት ደግሞ የመትረፍ ዕድላቸው ወደ ታች ወረደ። ሁለት ዓመት ቆይቶ ሌላ ጥናት ወጣ፤ የጥንቸሎቹን ትኩሳት አንጎላቸው ላይ በተሰጠ መድኃኒት ያፈኑ ተመራማሪዎች ብዙዎቹ ሲሞቱ አዩ። በመጠኑ የሚነድ ያድናል፤ ጨርሶ የጠፋም፣ ከልክ ያለፈም ይገድላል።

ይህ በላቦራቶሪ ከተለካ ከጥቂት ዓመታት በኋላ የእኛ ወገኖች በሱዳን በረሃ ላይ ነበሩ። ከኅዳር 12 እስከ ታኅሣሥ 27 ቀን 1977 ዓ.ም. የሙሴ ዘመቻ ወደ 8,000 የሚጠጉ ቤተ እስራኤላውያንን ከሱዳን ከማውጣቱ በፊት በመንገድና እንደ ኡም ራኩባ ባሉ የስደተኛ ካምፖች ወደ 4,000 የሚጠጉ ሰዎች በረሃብ፣ በውኃ ጥምና በተላላፊ በሽታ አለቁ። ሐኪሞች እንዲህ ባሉ ካምፖች ደጋግመው ያዩት ነገር አለ፦ ክፉኛ የተጎዳ ሕፃን ደሙ በባክቴሪያ ተሞልቶ እያለ ገላው አይግልም፤ እንዲያውም ሊቀዘቅዝ ይችላል። እሳቱን የሚያነድበት ጉልበት የለውም። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ በምግብ እጥረት ክፉኛ ለተጎዳ ሕፃን ትኩሳት ባይኖረውም ፀረ ባክቴሪያ እንዲሰጠው የሚያዝዘው ለዚህ ነው። ልጇን ዳስሳ «ደህና ነው፣ አይግልም» ብላ ያደረች፣ ጠዋት ያጣችው እናት ጥፋት የለባትም። ትኩሳት የሕይወት አቅም መለኪያም መሆኑን ማን ነግሯት?

ግንቦት 16 ቀን 1983 ዓ.ም. የሰሎሞን ዘመቻ ተጀመረ፤ በ36 ሰዓት ውስጥ ከ14,000 በላይ ሰው ከአዲስ አበባ ወጣ፤ ከነዚህም ቤተሰቦች ኋላ ቂርያት ጋት የገቡ አሉ። ከቀናት በኋላ ደርግ ወደቀ፤ የተበተነው ሠራዊት በየካምፑ ተከማቸ። ጥምዝ ክሩም ከቅማሉ ጋር ተመልሶ መጣ። በቀድሞ ወታደሮች ካምፖች ውስጥ የሚያገረሽ ትኩሳት ወረርሽኝ ሆነ።

በእነዚያው ዓመታት የአዲስ አበባ በሽተኞች ዓለም ያልነበረውን ዕውቀት ሰጡ። በ1992 ዮሐንስ ንጉሤና ባልደረቦቹ፣ በሽተኛው በሚንቀጠቀጥበት ሰዓት ቲኤንኤፍ የሚባለው የትኩሳት መልእክተኛ ደም ውስጥ ሽቅብ እንደሚወጣ አሳዩ። በ1996 ደግሞ ዳንኤል ፈቃደና ባልደረቦቹ ቲኤንኤፍን የሚያግድ፣ ከበግ የተገኘ ፀረ እንግዳ አካል ይዘው መጡ። በሽታው ደማቸው ላይ የተረጋገጠ 49 ሰዎችን ከፔኒሲሊኑ በፊት በሁለት ከፈሏቸው። ማገጃውን ካልወሰዱት 29 ሰዎች 26ቱ በማዕበሉ ተመቱ። ከወሰዱት 20 ሰዎች ግን 10ሩ ብቻ። ንዳዱን የሚያነድደው እጅ ማን እንደሆነ በሰው ላይ ታየ፤ ሲይዙትም እንደሚረጋ። ይህን ያስተማሩን የአዲስ አበባ ድሆች ናቸው። ስማቸው በየትኛውም መጽሐፍ አልተጻፈም፤ ዓለም ግን የእነሱ ዕዳ አለበት።

በ2000 አሜሪካ ውስጥ አይጦች ሆዳቸው ውስጥ ክሌብሲየላ በሚባል ባክቴሪያ ተወጉ። በተለመደው ክፍል የተቀመጡት ሁሉም ሞቱ። ሞቅ ያለ ክፍል ገብተው ገላቸው ወደ 39.5 ዲግሪ ከፍ ያለው ግን ግማሾቹ ተረፉ፤ ሆዳቸው ውስጥ ያለው ባክቴሪያም በመቶ ሺህ እጥፍ አነሰ። እነዚሁ ተመራማሪዎች ያንኑ ባክቴሪያ ሳንባ ውስጥ ሲያስገቡ ነገሩ ተገለበጠ። ሙቀቱ ባክቴሪያውን ቀነሰ፤ ነገር ግን የተጠራሩት የመከላከያ ሕዋሳት ሳንባውን ራሱን አቃጠሉትና አይጦቹ ሞቱ። ሆድ የቻለውን ሳንባ አልቻለም።

በሰው ላይ የተደረጉት ሙከራዎችም በአንድ ቃል አልተናገሩም። በ2005 የታተመው የማያሚ ጥናት በጽኑ ሕሙማን ክፍል ትኩሳትን አጥብቀው ካወረዱላቸው ሰዎች መካከል ሰባት፣ ከለቀቁላቸው መካከል አንድ ሰው መሞቱን አይቶ ቆመ። በ2012 የፈረንሳይ ሐኪሞች ደማቸው በኢንፌክሽን ተመርዞ ግፊታቸው የወደቀ 200 በሽተኞችን አጠኑ፤ ገላቸውን ከውጭ ያቀዘቀዙላቸው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት የሞቱባቸው ካላቀዘቀዙላቸው ያነሱ ነበሩ። በ2015 በአውስትራሊያና በኒውዚላንድ በ700 ሰዎች ላይ የተሞከረው ፓራሲታሞል ደግሞ አልጎዳም፣ ብዙም አልጠቀመም። የእኔ ፍርድ ይህ ነው፦ ጥንቸሎቹ በ1978 የተናገሩትን ሰዎቹም ደገሙት። ጉልበት ያለው ገላ ትኩሳቱን ይሸከማል፣ ይጠቀምበትማል። ልቡና ሳንባው የደከመው ግን ሸክሙ ይጥለዋል።

የኦበርማየር ጥምዝ ክር ከኢትዮጵያ በጣም ቢቀንስም ጨርሶ አልጠፋም። በ2015 በባሕር ተሻግረው አውሮፓ የደረሱ የአፍሪካ ቀንድ ስደተኞች ደም ውስጥ ተገኝቶ ብዙ የጀርመን ሐኪሞች በዕድሜያቸው ለመጀመሪያ ጊዜ አዩት። ለእኛ ለቂርያት ጋት ሰዎች ደግሞ ዘመዱ ከደጃችን ነው። ከከተማው በስተ ምሥራቅ ወደ ቤት ጉቭሪን ስንወጣ ኮረብታው በዋሻ የተሞላ ነው። እንዲህ ባሉ የአገሪቱ አቧራማ ዋሻዎች ውስጥ የምትኖር መዥገር ቦሬሊያ ፐርሲካ የሚባል ባክቴሪያ ትሸከማለች፤ በዕብራይስጥ «ቃዳኻት ሃመዓሮት»፣ የዋሻ ንዳድ ይሉታል። እንደ አገር ቤቱ ንዳድ ይነድዳል፣ ይበርዳል፣ መልሶ ያገረሻል። የእስራኤል ሐኪሞች ለመዥገር የተጋለጡ 93 ወታደሮችን አጥንተው በ2006 አሳተሙ፤ ዶክሲሳይክሊን ቶሎ ከጀመሩት አንድም ሰው አልታመመም፤ የታመሙት አሥሩም ባዶ ክኒን ከተሰጣቸው ወገን ነበሩ።

ዛሬ ካርሜ ጋት ውስጥ ሕንጻው አዲስ ነው፤ በየመድኃኒት ሣጥኑ ውስጥ አካሞል የሚባለው ፓራሲታሞል አለ። ልጁ አተኩሶትም እየተጫወተ ውኃ ከጠጣ፣ ቁጥሩ 38.5 ስላለ ብቻ መደንገጥ አያስፈልግም፤ አካሞሉ ሲከፋውና ሲያመው ማስታገሻ ነው። ሦስት ወር ያልሞላው ጨቅላ ግን 38 ከደረሰ በዚያው ሰዓት ሐኪም ይየው። አያትህ ወይም አያትሽ ደክመው፣ ተደናግረው፣ ምግብ እምቢ ብለው ገላቸው ቀዝቃዛ ቢሆንም ይወሰዱ፤ በሽምግልናም እሳቱ ላይነሣ ይችላል። ከዋሻ ጉብኝት በኋላ፣ ወይም ዘመድ ጠይቀህ ከአገር ቤት ስትመለስ የተነሣ ትኩሳት በርዶ እንደገና ካገረሸብህ፣ ለሐኪሙ ቁጥሩን ብቻ አትንገረው። የት እንደነበርክና ስንት ቀን በርዶ እንደቆየ ንገረው፤ ደምህንም በማይክሮስኮፕ እንዲያይልህ ጠይቀው።